በተዳፋት ጓሮ ላይ የሞዴል ባቡር መስመር ስዘረጋ የተማርኩት

ጓሮዬ ከቤቱ ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ ባለው 12 ሜትር ርቀት ውስጥ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ዛሬ ይህን ልክ በእርግጠኝነት የምጽፈው ለክቼው ስለማውቀው ነው፤ የመጀመሪያውን የባቡር መስመር በዘረጋሁበት ጊዜ ግን በዓይን ግምት ብቻ ተነሥቼ መሬቱ «ትንሽ ዘንበል ያለ» ነው ብዬ ወስኜ ነበር። በዚህ ምክንያት መስመሩን ሁለት ጊዜ ለመሥራት ተገደድኩ። የመጀመሪያው አንድ የዝናብ ወቅት እንኳ ሳይሻገር ፈረሰ፤ ሁለተኛው አምስት ዓመት አልፎታል፣ ባቡሩም እስከ ዛሬ ይመላለስበታል። ይህን ተሞክሮ የምጽፈው መሬታቸው ተዳፋት በመሆኑ ብቻ ሐሳቡን ለተዉት ሰዎች፣ እንዲሁም እኔ በጀመርኩበት አኳኋን ሊጀምሩ ለተነሡት ነው። እንደ እኔ እምነት ተዳፋት መሬት ለጓሮ ባቡር ከሜዳ የበለጠ ያምራል፤ ድልድዩም፣ ደጋፊ ግንቡም፣ በቁፋሮ መካከል የሚያልፈው መስመርም በቦታው የሚገኝበት ተጨባጭ ምክንያት ይኖረዋል። ይሁን እንጂ አንድም ሐዲድ ከመገዛቱ በፊት ሁለት ነገሮች ተለክተው መወሰን አለባቸው፤ እነርሱም የአቀበቱ መጠንና ውኃው የሚሄድበት መንገድ ናቸው።

ስለ ሐዲዱ ምርጫ ብዙ አልልም። እኔ የምጠቀመው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። ይህን ስፋት ለጓሮ ባቡር በሰፊው ያስለመደው ኤል.ጂ.ቢ. የተባለው የጀርመን ሥሪት ሲሆን፣ በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ቀርቦ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸውን የተራራ ባቡሮች በ1 ለ22.5 መጠን አሳንሶ ይሠራል። ከናስ የተሠራው ሐዲድ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ ቁመቱም 8 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ያህል ስለሆነ ሰው በስሕተት ቢረግጠው እንኳ በቀላሉ አይጣመምም። ለጀማሪ የሚሸጠው ኩርባ 12 ቁራጭ ተገጣጥሞ ሙሉ ክብ የሚሠራውና ራዲየሱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው፤ በሜዳ ላይ ለሚዘረጋ አነስተኛ መስመር ያገለግላል። በአቀበት ላይ ግን ጠባብ ኩርባ የባቡሩን ጉልበት ስለሚበላ፣ ቦታ ያለው ሰው ራዲየሱ ከ120 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ኩርባ እንዲጠቀም አጥብቄ እመክራለሁ።

መሬቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ብርሃን የሚያስተላልፍ የውኃ ጎማ፣ ጥቂት ችካሎች፣ ሲባጎና ሜትር ይበቃሉ። ጎማው ውስጥ ውኃ ከተሞላ በኋላ በሁለቱ ጫፎች የሚታየው የውኃ ከፍታ የትም ቢሆን እኩል ስለሆነ፣ አንዱን ጫፍ ቤቱ አጠገብ በተተከለ ችካል ላይ አስይዞ ሌላውን እየያዙ በየ1 ሜትሩ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር በጎማው ውስጥ የአየር አረፋ መቅረቱ ነው፤ አንዲት አረፋ እንኳ ልኩን ታዛባለች፤ ስለዚህ ውኃው ከአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እስኪፈስ ድረስ በዝግታ መሙላትና ጎማውን በጣት እየመቱ አረፋውን ማስወጣት ያስፈልጋል። እኔ ለሁለተኛው መስመር 62 ችካሎች ተክዬ የእያንዳንዱን ከፍታ በደብተር ጻፍኩ። ሥራው ሁለት ሙሉ ቀን ወሰደብኝ፤ በኋላ ካተረፈልኝ ድካም ጋር ሳነጻጽረው ግን ከዚያ የተሻለ የዋለ ሁለት ቀን አላውቅም።

የመጀመሪያው መስመሬ 30 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ተራ ሞላላ ነበር። የላይኛው ጎኑ ከታችኛው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ ባቡሩ ይህን ከፍታ የሚወጣው በ12 ሜትር ርቀት ውስጥ ስለነበር አቀበቱ 5 በመቶ ሆኖ ነበር። 5 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በየ1 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር መውጣት ማለት ነው፤ በእግር የሚሄድ ሰው ከነመኖሩም አያስተውለውም። ባቡር ግን ለስላሳ ብረት በለስላሳ ብረት ላይ እየተንከባለለ የሚሄድ ነገር ስለሆነ የሚቆነጥጠው ጥቂት ነው። ሎኮሞቲቬን ከአነስተኛ የመንጠቆ ሚዛን ጋር አያይዤ በሜዳ ላይ ሚዛኑን እንዲስብ ሳደርገው፣ መንኮራኩሮቹ በቦታቸው መሽከርከር የጀመሩት ሚዛኑ 700 ግራም ሲያሳይ ነበር፤ ከዚያ በላይ መሳብ አይችልም ማለት ነው። ሎኮሞቲቩ ራሱ 3.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ኪሎ ግራም የሆኑ አምስት ፉርጎዎች ሲጨመሩበት ጠቅላላው 9.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። በ5 በመቶ አቀበት ላይ ይህን ክብደት ወደ ላይ ለመሳብ ብቻ 475 ግራም ጉልበት ያስፈልጋል፤ ፉርጎዎቹ በሜዳም ቢሆን ለመንከባለል 150 ግራም ያህል ይጠይቃሉ። ድምሩ 625 ስለሚሆን ለኩርባውና ለእርጥበቱ የሚተርፈው 75 ግራም ብቻ ነበር።

ይህን ስሌት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስተዋልኩት ነገር ግን አስቀድሞ ምልክቱን ሲያሳየኝ ነበር። በደረቅ ቀን ከሰዓት በኋላ ባቡሩ አቀበቱን ያለ ችግር ይወጣል፤ ጤዛ ባለበት ጠዋት ግን ሁልጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ላይ፣ ከኩርባው መጨረሻ ሁለት ስንዝር ሲቀረው ይቆምና መንኮራኩሮቹ በቦታቸው መዞር ይጀምራሉ። ጎንበስ ብዬ ስመለከት በዚያ ቦታ ላይ የሐዲዱ ራስ ከሌላው ይልቅ አብለጭልጮ፣ በመንኮራኩሩ ልክ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ሎኮሞቲቩ ውስጥ እርሳስ የተባለውን ከባድ ብረት ጨምሬ ክብደቱን ወደ 4 ኪሎ ግራም ሳደርሰው ለጥቂት ጊዜ ተሻለው፤ ነገር ግን ክብደት በጨመረ ቁጥር ማርሾቹና የመንኮራኩሩ ዘንግ የሚሸከሙት ጫና አብሮ ስለሚጨምር ከዚያ በላይ መሄድ አልፈለግሁም። በመሠረቱ መታረም የነበረበት አቀበቱ ነበር። ከዚህ ልምድ በመነሣት ለጓሮ ባቡር 2 በመቶ ምቹ፣ 2.5 በመቶ ደኅና፣ 3 በመቶ ደግሞ ፉርጎ ለመቀነስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ብቻ የሚሆን መሆኑን በድፍረት እናገራለሁ። ከዚያ እጅግ የበለጠ ለሚወጣ መስመር ጥርስ ያለው ተጨማሪ ሐዲድና ለዚያ የተሠራ ሎኮሞቲቭ መጠቀም ይሻላል።

አቀበትን የማለዘብ ዋናው መንገድ ርቀትን ማርዘም ነው፤ ይህንንም የተራራ ባቡር የሠሩ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት በትልቁ ሠርተው አሳይተውናል። በ1881 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የሕንዱ የዳርጂሊንግ ባቡር፣ ሐዲዱ 610 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ዙሪያውን እየጠመዘዘና ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ተራራውን ይወጣል። በስዊዘርላንድ የሚገኘው የበርኒና መስመር ደግሞ ጥርስ ያለው ሐዲድ ሳይጠቀም 7 በመቶ የሚደርስ አቀበት ይወጣል፤ በ1908 (እ.ኤ.አ.) በብሩዚዮ የተሠራው ድልድዩ ሙሉ ክብ ዞሮ በራሱ ሥር የሚያልፍ ነው። የእኔን ሁለተኛ መስመር የቀረጽኩት ይህን የብሩዚዮ ድልድይ ፎቶግራፍ ደጋግሜ ከተመለከትኩ በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ የበርኒና ባቡሮች ብዙ መንኮራኩሮቻቸው በሞተር የሚነዱ ስለሆኑ 7 በመቶውን በጓሮ ለመሞከር ማንም እንዳይነሣሣ።

አዲሱ መስመር ጓሮውን ሁለት ጊዜ እየዞረ በራሱ ላይ በድልድይ የሚሻገር፣ በድምሩ 62 ሜትር ርዝመት ያለው ሆነ። መሬቱ ከሚወርደው 1 ሜትር ከ40 ውስጥ ባቡሩ እንዲወጣ የተደረገው 60 ሳንቲ ሜትሩን ብቻ ነው፤ ከቀረው 80 ሳንቲ ሜትር ግማሹን ከላይ መሬቱን በመቁረጥ፣ ግማሹን ደግሞ ከታች መስመሩን በግንብና በምሰሶ ከፍ በማድረግ አጠፋሁት። 60ው ሳንቲ ሜትር ለመውጣት በ27 ሜትር፣ ለመውረድም በሌላ 27 ሜትር ርቀት ላይ ተከፋፍሎ ቀጥ ባለው ላይ 2.5፣ በኩርባው ላይ 2 በመቶ ሆነ፤ የተቀረው 8 ሜትር ለሁለቱ ጣቢያዎች የተተወ ፍጹም ሜዳ ነው። በራሱ ላይ ለሚሻገር መስመር በጣም ወሳኙ ልክ በድልድዩ ሥር የሚቀረው ክፍተት ነው። ከፍ ያለው ፉርጎዬ ከነጣራው በ25 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ የድልድዩ ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የላይኛው ሐዲድ ከታችኛው 28 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህን ከፍታ በ2.5 በመቶ ለማግኘት ደግሞ ከ11 ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በወረቀት ላይ ቆንጆ አድርጎ የሣለው መሻገሪያ መሬት ላይ ሲወርድ የማይሆንለት ይህችን ስሌት ሳይሠራ በመቅረቱ ነው።

አቀበቱ በወረቀት እንደተጻፈው መሬት ላይ መውጣቱን የማረጋግጥበት ዘዴ ቀላል ነው። የ1 ሜትር ውኃ ልክ ወስጄ በቁልቁለቱ በኩል ባለው ጫፉ ሥር ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የእንጨት ቁራጭ በማጣበቂያ አጣበቅሁበት። አረፋዋ መካከል ላይ ከቆመች አቀበቱ 2.5 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ለኩርባው ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ ቁራጭ አለኝ። ከዚህ ሌላ ሜዳው በድንገት ወደ አቀበት እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ እንዲህ ያለ ስብራት በታችኛው ጣቢያ መውጫ ላይ ነበረኝ፤ ባቡሩ በዚያ ሲያልፍ ባለ ስድስት መንኮራኩሩ ሎኮሞቲቭ የመካከለኛው መንኮራኩር ከሐዲዱ ላይ ተነሥቶ በአየር ላይ ሲዞር በዓይኔ አየሁ፤ በሐዲዱና በመንኮራኩሩ መካከል ወረቀት ማስገባት ይቻል ነበር። አሁን ከ0 ተነሥቶ 2.5 የሚደርሰው በ2 ሜትር ርቀት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ነው፤ አናት ላይ ሲደርስም እንደዚያው እየቀነሰ ይሄዳል።

ወደ ውኃው ልመለስ። የመጀመሪያውን መስመር ያፈረሰው አቀበቱ አይደለም፤ ከላይ ቆፍሬ ያወጣሁትን አፈር ከታች ቆልዬ የሠራሁት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሙሌት ነው። በእግሬ ረግጬ ጠቀጠቅሁት፣ ጠጠር አለበስኩት፣ ሐዲዱን ዘረጋሁበት፤ ሁለት ወር ያህልም ምንም ሳይሆን ቆየ። አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲዘንብ አድሮ በነጋታው ስወጣ፣ 3 ሜትር የሚሆን ሐዲድ ከነአግዳሚዎቹ እንደ ገመድ መሰላል በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አፈሩ ከሥሩ ተንሸራትቶ አጥሩ ሥር ተከምሯል፤ ነጩ ጠጠርም በጭቃው ውስጥ ተበትኖ ነበር። ሐዲዱ አንድም ቦታ አልተሰበረም፤ ያ መልኩ እስካሁን ከፊቴ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ችግሩ ከሐዲዱ ሥር እንጂ ከሐዲዱ አለመሆኑን ከዚያ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አልነበረም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አረጋዊ ግንበኛ መጥተው ተመለከቱልኝና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «ልጄ፣ ውኃው በየት በኩል እንዲያልፍ ነው ያሰብክለት?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው በብትራቸው እየጠቆሙ እንዳሳዩኝ፣ ሙሌቱ ተዳፋቱን አቋርጦ በመዘርጋቱ ሳላስበው ግድብ ሠርቼ ነበር፤ ከላይ የሚወርደው ውኃ ከጀርባው እየተጠራቀመ አፈሩን አራሰው፣ የራሰው አፈር ከበደ፣ ሥሩም በለሰለሰው ሣር ላይ ያረፈ ስለነበር ተንሸራተተ። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ሁለቱን ወር ሙሉ በዝናቡ ማግሥት ከሙሌቱ ሥር ስትወጣ የነበረችው ቀጭን ጭቃማ ውኃ ምን እንደምትነግረኝ አልገባኝም ነበር። እንዲህ ያለች ጭቃ የቀላቀለች ውኃ ከመስመሩ ሥር ስትወጣ ያየ ሰው በማግሥቱ ሥራ እንዲጀምር እለምናለሁ፤ ውኃዋ ጠርታ ከወጣች ችግር የለም፣ ደፍርሳ ከወጣች ግን አፈሩን ይዛ እየሄደች ነው።

በሁለተኛው ሥራ መጀመሪያ የቆፈርኩት የውኃ ቦይ ነው። ከመስመሩ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ተዳፋቱን በአግድም ተከትሎ ይሄድና የሚመጣውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ጎን ይወስደዋል። ሙሌት በሚያስፈልግበት ቦታ ሣሩንና ልፍስፍሱን አፈር እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ አንሥቼ፣ ገበሬ ማሳውን በእርከን እንደሚሠራው መሠረቱን በደረጃ ቆረጥኩት፤ እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ተራራው በኩል በመጠኑ ዘንበል ስለሚል በላዩ ያረፈው ድንጋይ ወደ ታች ሊንሸራተት አይችልም። በዚያ ላይ ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ብቻ የተደረደረ ግንብ ሠራሁ። በየ6 ሳንቲ ሜትር ከፍታው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንዲደገፍ አድርጌዋለሁ፤ ድንጋዮቹን ሳስቀምጥም ረጅሙን ጎናቸውን ወደ ውስጥ እየሰደድኩ ነው። ጀርባውን የሞላሁት በአፈር ሳይሆን በተፈጨ ድንጋይ ነው። በሦስት ቦታ ላይ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቱቦዎች ከመስመሩ ሥር አሳልፌአለሁ፤ በቱቦዎቹ መውጫ ላይ ውኃው መሬቱን እንዳይቦረቡር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፌበታለሁ።

በጓሮዬ መካከል ዝናብ ሲበረታ ውኃ በተፈጥሮው የሚሰበሰብበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። በዚያ ላይ ግንብ መሥራት ትቼ መስመሩን በምሰሶ ላይ አሳለፍኩት። የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ምሰሶዎችን 50 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ቀብሬ፣ በላያቸው ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ጣውላዎችን ጎን ለጎን አሰርኩ፤ ሐዲዱ በእነዚህ ላይ ያርፋል፣ ውኃውም በሥሩ ያለ ከልካይ ያልፋል። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ሌላ ጥቅምም አለው፤ ምሰሶው ላይ ጣውላውን የያዘውን ብሎን አላልቶ ከፍታውን በሚሊ ሜትር ማስተካከል ይቻላል። ተዳፋት መሬት ላይ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው፤ ግንቡን ቀስ ብሎ በሚቀጥሉት ዓመታት መሥራት ይቻላል።

ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ጠጠር ማዕዘን ያለው የተፈጨ ድንጋይ መሆን አለበት። ከወንዝ የሚመጣው ድቡልቡል ጠጠር ያምራል፤ ግን እርስ በርሱ ስለማይያያዝ በተዳፋት ላይ እንደ ባቄላ እየተንከባለለ ይወርዳል። እኔ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን ከነብናኙ እጠቀማለሁ፤ ውኃ ተርከፍክፎበት ሲደቀደቅ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠነክራል። ሐዲዱን ከመሬቱ ጋር በሚስማር ወይም በሲሚንቶ ማሰር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ናስ በሙቀት ይረዝማል፤ 10 ሜትር የናስ ሐዲድ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ፀሐይ ድረስ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። መንቀሳቀሻ ካላገኘ ወደ ጎን ይጎብጣል። ስለዚህ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ትንሽ ክፍተት እተዋለሁ፤ በአቀበቱ ግርጌ ላይ ግን ክፍተቶቹን በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ዘግቻቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ሐዲዱ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ስለሚወርድ የላይኞቹ ክፍተቶች እየሰፉ የታችኞቹ እየጠበቡ እንደሚሄዱ በሁለተኛው ዓመት አስተውዬ ነበር።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ ሁለቱንም መንገድ ሞክሬአለሁ። በሐዲዱ በኩል የሚሄደው ኃይል በአጭር መስመር ላይ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባቡሩ አቀበቱ ላይ ይዘገያል፣ ቁልቁለቱ ላይ ይፈጥናል፣ መጋጠሚያዎቹም ሲቆሽሹ ኃይሉ ከትራንስፎርመሩ በራቀ ቁጥር ይደክማል። በዚህ መንገድ ለሚጠቀሙ ትራንስፎርመሩ ምንጊዜም ከዝናብ ውጭ በቤት ውስጥ እንዲቀመጥና ወደ ጓሮው የሚወጣው ዝቅተኛው ቮልት ብቻ እንዲሆን አደራ እላለሁ። አሁን የምጠቀመው ሎኮሞቲቩ ውስጥ የተቀመጠ ባትሪና በሬዲዮ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነው። ባትሪው ሎኮሞቲቩን ስለሚያከብደው ቀድሞ የጨመርኩትን እርሳስ አስወግጃለሁ፤ ሐዲዱንም ለኤሌክትሪክ ብዬ በየጊዜው መፈተግ ቀርቶልኛል።

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ጠመዝማዛ ማርሽ ያለው ሎኮሞቲቭ ሞተሩ ሲቆም መንኮራኩሩም ስለሚቆለፍ ባቡሩን ይዞ ይቆያል፤ በእንፋሎት የሚሄደው ግን እንዲህ አይደለም፤ የእንፋሎቱ መክፈቻ ካልተቀነሰለት ቁልቁለቱን ሲይዝ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ በኩርባው ላይ ይገለበጣል። ከሎኮሞቲቭ የተለዩ ፉርጎዎችም በራሳቸው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሁለት ፉርጎዎች በማያያዣቸው መፈታት ምክንያት ከድልድዩ አካባቢ ተነሥተው እስከ ታችኛው ኩርባ ድረስ ወርደው ተገለበጡ፤ አንደኛው ጣራው ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ፉርጎ በሁለቱም ጫፍ መንጠቆ ገጥሜአለሁ፤ አንዱ ቢፈታ ሌላው ይይዛል። ፉርጎ ለብቻው የሚቆመውም ሜዳ በሆኑት ጣቢያዎች ላይ ብቻ ነው። ከዚህም ጋር ከባዶቹን ፉርጎዎች ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ፣ ቀላሎቹን ከኋላ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቀላሉ ፉርጎ ከፊት ሆኖ ከባዱ ከኋላው ሲጎተት፣ በአቀበት ኩርባ ላይ የተወጠረው ሰልፍ ቀላሉን ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጎን ስቦ ከሐዲዱ ያወጣዋል።

ዝናብ በጣለ ማግሥት ባቡር ከማስነሣቴ በፊት መስመሩን በእግሬ እዞራለሁ። ቦይውን የዘጋውን ቅጠል አነሣለሁ፣ የቱቦዎቹን አፍ እመለከታለሁ፣ ከዚያም አጭሯን ውኃ ልክ በየ1 ሜትሩ በሐዲዶቹ ላይ በአግድም አስቀምጣለሁ። የተዳፋት መስመር ዋና ሕመም የቁልቁለቱ ጎን ሐዲድ ከተራራው ጎን ቀድሞ መስመጡ ነው፤ በ45 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ከፍ ያለውን ፉርጎ በሚታይ ሁኔታ ያዘነብለዋል። የማገኘውን ልክ 62ቱን ችካሎች በጻፍኩበት በዚያው ደብተር ላይ በየዓመቱ አሰፍራለሁ። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ትልቁ ለውጥ የታየው በሁለተኛው ቱቦ አጠገብ ሲሆን፣ እርሱም 3 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሐዲዱን በእጄ ቀና አድርጌ ከአግዳሚዎቹ ሥር አንድ እፍኝ ጠጠር ጎሰጎስኩበት፣ ደቀደቅሁት፣ ባቡሩንም ከግማሽ ሰዓት በኋላ በላዩ አሳለፍኩት።